አንዲት ጉርሻ ለምትኬ

«ተረት ተረት» ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ። በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም፤ በረትም የለም። ያለችው አንዲት ልጅና አንዲት ጉርሻ ናት፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ረጅም መንገድ አለ። «እሺ» ብቻ በሉኝና ልጀምር።

ያረጋል የሚባል ብሎኬት ሠሪ ነበር። ሚስቱ ትርንጎ ሴት ልጅ ወልዳ በአርባኛው ቀን ሞተችበት። ልጅቱ ምትኬ ተባለች። ያረጋል ቀን ሙሉ ሲሚንቶ ሲያቦካ ስለሚውል ምትኬን የምታሳድግለት የትርንጎ ታላቅ እህት ዘርፌ ናት። ዘርፌ ክፉ ሴት አይደለችም። ምትኬን ታጥባታለች፣ ታዝላታለች፣ ስታለቅስ ታባብላታለች። አንድ ነገር ብቻ አታደርግላትም። በእጇ አታጎርሳትም።

ዘርፌ የራሷ አራት ልጆች አሏት። ማታ ማታ ገበታውን ይከባሉ፤ እሷም እንጀራውን እየቆረሰች፣ ሽሮውን እያጠቀሰች በተራ ታጎርሳቸዋለች። የምትኬ ተራ ሲደርስ እጇ መንገድ ይቀይራል። ጉርሻው ጠርዙ የተሸረፈ አረንጓዴ ሳህን ላይ ይወድቃል። ምትኬም ሳህኗን ታቅፋ ግድግዳው ሥር ትበላለች። መጀመሪያ መጀመሪያ እጁ ሲመጣ አፏን ትከፍት ነበር። አሁን ግን ሳህኗን ማንሳት ለምዳለች። ስትተኛም ስትነሳም ከእጇ አይለይም።

ያረጋል የሚፈልገው ነገር ትልቅ አልነበረም። አንድ ጉርሻ ነው፤ ከዘርፌ እጅ ወደ ምትኬ አፍ።

ምትኬ አሥራ ስምንት ወር የሞላት ዕለት ማለዳ ጠየቃት።

«እትዬ ዘርፌ፣ ዛሬ ማታ አንድ ጊዜ አጉርሻት።»

«ያረጋል፣ በጠዋቱ አትጀምረኝ።»

«አንድ ብቻ።»

«ጠልቻት ነው? ጀርባዬን እየው፤ እሷን ሳዝል ነው የጎበጠው። ግን የእናቷ ነገር ደሟ ውስጥ አለ። ሲመረምሯት ሁለት መስመር ወጥቶባታል፤ አንተም ቆመህ አይተሃል። እኔ ደግሞ የአራት ልጅ ነፍስ አለብኝ።»

«ሆስፒታል በምራቅ አይተላለፍም ብለውሻል እኮ።»

«ብለውኛል። ያሉኝን በወረቀት ይስጡኝ። አንድ መስመር ነው የሚል፣ ማኅተም ያለበት። ያን ቀን አጎርሳታለሁ።»

ዘርፌ እንዲህ የምትለው የምትፈራው ስላላት ነው። ትርንጎ እርጉዝ ሳለች ዓይኗ ቢጫ ሲሆን መንደሩ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» አለ። እጇን ይዛ መድኃኒት አዋቂ ቤት የወሰደቻት ዘርፌ ናት። ትርንጎ ሥር ጠጣች፤ ክንዷን ተተኮሰች፤ «ወፏ በረረች» ተባለላት። ሆስፒታል የደረሰችው ሆዷ ከተነፋ በኋላ ነው። ደሟ ሲመረመር ሄፓታይተስ ሲ ተባለ። መድኃኒት አለው አሉ፤ ግን ጉበቷ አልቆ ነበር። አረንጓዴው ሳህን ያኔ የእሷ ነበር። የለየችላትም ዘርፌ ናት።

እንግዲህ ወረቀት ሳይጻፍ እጅ አያጎርስም፤ ምትኬም ሳህኗን ታቅፋ ትጠብቃለች።

ያረጋል ምትኬን አቅፎ፣ ምትኬም ሳህኗን አቅፋ፣ ወደ ከተማዋ ሆስፒታል ወረዱ። ላብራቶሪው ውስጥ አንዳርጌ የሚባል ወጣት ባለሙያ አለ። ያረጋል «ዶክተር» ይለዋል።

«ዶክተር፣ አሥራ ስምንት ወር ሞላት።»

«ዶክተር አይደለሁም አልኩህ፤ የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ዛሬ ሞላት? አንድ ቀን እንኳ አላሳለፍክም።»

«ብሎኬት ስቆጥር የምውል ሰው ነኝ።»

ምትኬ በሁለተኛ ወሯ እዚሁ ክፍል ተመርምራ ሁለት መስመር የወጣባት ጊዜ አንዳርጌ ለያረጋልና ለዘርፌ እንዲህ ብሏቸው ነበር። «ይሄ መስመር በሽታው አይደለም። በሽታ ሲገባ ሰውነት የሚያቆመው ዘበኛ አለ፤ እኛ ፀረ እንግዳ አካል እንለዋለን። ይሄ መመርመሪያ ኪት የሚያየው ዘበኛውን ነው። እነዚህ ደግሞ የእናቷ ዘበኞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ማህፀን ውስጥ ሳለች ወደ እሷ ተሻግረው። ከሆኑ ቀስ በቀስ ያልቃሉ። አሥራ ስምንት ወር ሲሞላት አምጧት። በሽታው ካልተላለፈባት አንድ መስመር ብቻ ይቀራል። ሁለት ሆኖ ከቀጠለ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ለሌላ ምርመራ እልካታለሁ።»

ዘርፌ ከዚህ ሁሉ ንግግር «ሁለት መስመር» የምትለውን ይዛ ሄደች። ያረጋል ሌላውን ይዞ ሄደ። ልጅቱን ደረቱ ላይ ሲያስተኛ የትርንጎ ዘበኞች በትንሹ ደሟ ውስጥ ሲዞሩ ይታዩት ነበር። አንዳንዴም እጁን ጀርባዋ ላይ አድርጎ «አላችሁ?» ይላቸዋል። ይህን ለማንም አልተናገረም።

«ወረቀቱን ጻፍልኝ» አለ አሁን።

«እጽፋለሁ። ግን ኪቱ ሳይናገር እኔ አልናገርም።» አንዳርጌ ከሳጥኑ አንዲት ኪት አወጣ፤ ከጣት የማትበልጥ ነጭ ፕላስቲክ። «የመጨረሻዋ ናት። ቀኗም የሚያልፈው ዛሬ ነው። ሌላ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም።»

ከዚያ ክንዷን ያዘ። የምትኬ ክንድ እንደ ሸንበቆ ቀጭን ነው። አንድ ጊዜ ወጋ፤ ደም ሥሩ ጠፋ። ሁለተኛ ወጋ፤ ጠፋ። በሦስተኛው ደም መጣ። ምትኬ ድምፅዋ እስኪሰለል አለቀሰች። ያረጋል ክንዷን ይዞ ግድግዳ ግድግዳውን አየ።

«ይኸው ደሙ። አጠጣት።»

«ይቺ ኪት ደሙን እንዳለ አትጠጣም። ደሙ ማሽን ውስጥ ገብቶ ይዞራል፤ ቀዩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከላይ ቢጫ ውሃ ይቀራል። የምትጠጣው እሱን ነው።»

እንግዲህ ውሃ ሳይለይ ኪት አይጠጣም፤ ኪት ሳይጠጣ ወረቀት አይጻፍም፤ ወረቀት ሳይጻፍ እጅ አያጎርስም፤ ምትኬም ሳህኗን ታቅፋ ትጠብቃለች።

አንዳርጌ ደሙ ያለባትን ጠርሙስ ማሽኑ ውስጥ ከተታት። ክዳኑን ዘጋ፤ ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ አልዞርም አለ። ደግሞ ተጫነ። አልዞርም አለ። አንዳርጌ ወደ ጣሪያው አምፖል ቀና ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ምነው?» አለ ያረጋል።

«መብራት ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጄኔሬተሩ ጠዋት ይነሳል ስላሉኝ ነው ደሟን የቀዳሁት። ሳላረጋግጥ መውጋት አልነበረብኝም። ይቅርታ።»

«በእጄ ላዙረው። የብሎኬቱን ማደባለቂያ በእጄ ነው የማዞረው።»

«ይሄ በደቂቃ ሦስት ሺህ ጊዜ ነው የሚዞር።»

«ደሙ ነገ ድረስ ቢቆይስ?»

«ይበላሻል። ነገ እንደገና ልወጋት ነው። ያውም ኪት ሳይኖረኝ።»

እንግዲህ ጄኔሬተር ሳይነሳ ማሽን አይዞርም፤ ማሽን ሳይዞር ውሃ አይለይም፤ ውሃ ሳይለይ ኪት አይጠጣም፤ ኪት ሳይጠጣ ወረቀት አይጻፍም፤ ወረቀት ሳይጻፍ እጅ አያጎርስም፤ ምትኬም ሳህኗን ታቅፋ ትጠብቃለች።

ያረጋል ወደ ጓሮ ሄደ። ጄኔሬተሩን የሚጠብቀው ሰይድ የሚባል ሰው ባዶ ጀሪካን ደፍቶ ተቀምጦበታል።

«ወንድሜ፣ ጄኔሬተሩን ታስነሳልኛለህ?»

«ለማን ሠርግ?»

«ለልጄ ደም።»

ሰይድ ልጅቱን አየ፤ ክንዷ ላይ የተለጠፈውን ጥጥ አየ። ከጀሪካኑ ላይ ተነሳ።

«አትቀየመኝ። ይሄ ጄኔሬተር እንደ ጎረቤቴ ነው፤ ሳይጠጣ አይነሳም። ናፍጣ ከትናንት ወዲያ አልቋል።»

«ሌላ ናፍጣ የለም?»

«ሞልቷል እንጂ። ሁለት በርሜል።» በአገጩ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን አሳየው። በሩ ላይ መዳፍ የሚያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

«እንስበረው።»

«የመንግሥት በር ሰብሬ የት ልገባ ነው? ንብረት ኃላፊው ከፍቶ፣ ለክቶ፣ ፈርሞ ካልሰጠኝ አንድ ጠብታ አይወጣም።»

እንግዲህ ናፍጣ ሳይወጣ ጄኔሬተር አይነሳም፤ ጄኔሬተር ሳይነሳ ማሽን አይዞርም፤ ማሽን ሳይዞር ውሃ አይለይም፤ ውሃ ሳይለይ ኪት አይጠጣም፤ ኪት ሳይጠጣ ወረቀት አይጻፍም፤ ወረቀት ሳይጻፍ እጅ አያጎርስም፤ ምትኬም ሳህኗን ታቅፋ ትጠብቃለች።

«ንብረት ኃላፊው የት ነው?» አለ ያረጋል።

«ጋሼ ቢያድግልኝ? ቤቱ ነው። ልጁን ወንዝ ወሰደበት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ይበልጣል ይባላል። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ።»

«ቁልፉስ?»

«ወገቡ ላይ።»

«ሰው አልላካችሁም?»

«ሁለት ጊዜ ላክን። የመጀመሪያው ሄዶ ንፍሮ በልቶ መጣ። ሁለተኛውም ሄዶ ንፍሮ በልቶ መጣ። ሐዘን የተቀመጠን ሰው ማን ደፍሮ ቁልፍ አምጣ ይለዋል? ሰውየው ደግሞ አንድ ቃል አይናገርም። አላለቀሰም እኮ። ልጁን ከውሃ ሲያወጡት እንኳ አላለቀሰም። ዝም ብሎ ተቀምጧል።»

እንግዲህ ቁልፍ ሳይፈታ ናፍጣ አይወጣም፤ ናፍጣ ሳይወጣ ጄኔሬተር አይነሳም፤ ጄኔሬተር ሳይነሳ ማሽን አይዞርም፤ ማሽን ሳይዞር ውሃ አይለይም፤ ውሃ ሳይለይ ኪት አይጠጣም፤ ኪት ሳይጠጣ ወረቀት አይጻፍም፤ ወረቀት ሳይጻፍ እጅ አያጎርስም፤ ምትኬም ሳህኗን ታቅፋ ትጠብቃለች።

ፀሐይ አናት ላይ ደርሳ ነበር። ያረጋል ልጁን አቅፎ ወደ ለቅሶ ቤቱ ሄደ። መንገድ ላይ የሚናገረውን አዘጋጀ። «እግዜር ያጽናዎት፤ ቁልፉን ለአንድ ሰዓት ያውሱኝ» ሊል ነው። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ደጋግሞ ተለማመደው።

ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ተተክሏል። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በአንድ በኩል ተቀምጠዋል። ቢያድግልኝ መሬት ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ ነው፤ ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሷል። ዓይኑ ደረቅ ነው። ከጋቢው ሥር ወገቡ ላይ የታሰሩት ቁልፎች ብቅ ብለው ይታያሉ።

«እግዜር ያጽናዎት» አለ ያረጋል። ቀሪውን ሊጨምር አፉን ከፈተ። ምላሱ አልናገርም አለ። ጥግ ያዘ። ንፍሮ ሰጡት። አንድ ፍሬ ባቄላ አነሳና በጣቶቹ መካከል ያዘው። «እኔም ንፍሮ በልቼ ልመለስ ነው» ሲል አሰበ።

የትርንጎ ቀብር ዕለትም እንዲሁ ተቀምጦ ነበር። ያኔ ምትኬ የአርባ ቀን ልጅ ሆና ደረቱ ላይ ነበረች። ሽማግሌዎቹ «ሕፃን ታቅፎ አይለቀስም፤ ልጅቱ ትደነግጣለች» አሉት። ልጅቱን የሚቀበለው ሰው ግን አልነበረም። ሁሉም የእናቷን ቢጫ ዓይን አይቶ ፈርቷል። ዘርፌም ያን ቀን ራሷን ስታ ነበር። ስለዚህ ያረጋል ልጁን እንደታቀፈ፣ እንባውን እንደያዘ ሚስቱን ቀበረ። ከዚያ በኋላ የሚያለቅስበት ቀን አልመጣለትም። ብሎኬቱ ነበረ፤ ጡጦው ነበረ።

አንዲት አሮጊት ከሴቶቹ በኩል ተነስታ መጣች።

«ልጄ፣ ሕፃኗን ወዲህ በል። ለቅሶ ቤት ሕፃን ታቅፎ አይቀመጡም።»

እጇን ዘርግታ ምትኬን ከነሳህኗ ወሰደቻት። ማን እንደሆነች አልጠየቀችም፤ ምን እንዳለባትም አልጠየቀችም። ጭኗ ላይ አስቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገችላት።

ያረጋል ክንዶቹን አየ። ባዶ ናቸው። ዓመት ከአምስት ወር ሙሉ እንዲህ ባዶ የሆኑበትን ለቅሶ አያስታውስም። እንባው መጣ፤ ሊመልሰው ሞከረ፤ አልመለስም አለ።

«ትርንጎዬ» አለ። «ትርንጎዬ፣ ሳላለቅስሽ።»

ከዚያ በኋላ የተናገረውን ራሱም አልሰማውም። ጎኑ የተቀመጡት ሰዎች ተያዩ። የሞተው ይበልጣል ነው፤ ይሄ ሰው የሚያለቅሰው ግን ትርንጎ የምትባል ሴት ነው። ማንም አላስቆመውም። ለቅሶ ቤት የሚያለቅስ ሁሉ የራሱን ሙት ነው የሚያለቅሰው፤ ይሄን የማያውቅ ሰው እዚያ ድንኳን ውስጥ አልነበረም።

«ትርንጎ ማናት?»

የተናገረው ቢያድግልኝ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«ሚስቴ ነበረች።»

«መቼ ሞተች?»

«ዓመት ከአምስት ወር ሆናት።»

«እና ዛሬ ነው የምታለቅሳት?»

«ያን ጊዜ ልጅ ታቅፌ ነበር።»

ቢያድግልኝ ያረጋልን አተኩሮ አየው። «ልጄን ታውቀው ነበር?»

«አላውቀውም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን አመጣህ?»

ያረጋል ሊዋሽ አልቻለም። ፊቱን በእጀታው ጠረገና ነገረው። «አክስቷ ልጄን አላጎርስም አለች፤ ወረቀት አምጣ አለች። ወረቀቱ አልጻፍም አለ፤ ኪት ይጠጣ አለ። ኪቱ አልጠጣም አለ፤ ውሃ ይለይ አለ። ውሃው አልለይም አለ፤ ማሽን ይዙር አለ። ማሽኑ አልዞርም አለ፤ ጄኔሬተር ይነሳ አለ። ጄኔሬተሩ አልነሳም አለ፤ ናፍጣ አምጣ አለ። ናፍጣው አልወጣም አለ፤ ጓጉንቸር አለበት።»

«የጓጉንቸሩስ ቁልፍ?»

«ወገብዎ ላይ ነው፣ ጋሼ።»

ቢያድግልኝ ወደ ወገቡ ዝቅ ብሎ አየ። ቁልፎቹን አምስት ቀን ሙሉ እንደታጠቃቸው የረሳ ይመስላል። አንዱን በጣቱ ነካው፤ ከሌላው ተጋጭቶ ቅጭል አለ።

«ይበልጣል ትንሽ ሳለ በእነዚህ ነበር የማባብለው» አለ። «ሲያለቅስ አንኳኳለታለሁ፤ ዝም ይላል።»

ደግሞ አንኳኳቸው። ዝም የሚል ልጅ አልነበረም። ያኔ የቢያድግልኝ ዓይን እንባ አፈሰሰ። ሽማግሌው እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ድንኳኑም አብሮት አለቀሰ። ያረጋል ተጠግቶ ትከሻውን ያዘው። ሁለቱ የማይተዋወቁ ሰዎች ተደጋግፈው፣ አንዱ «ይበልጣል» እያለ፣ አንዱ «ትርንጎ» እያለ፣ ረጅም ጊዜ አለቀሱ።

ሲወጣለት ቢያድግልኝ ቁልፉን ፈትቶ አልሰጠውም። ራሱ ተነሳ።

«ወዴት ነው?» አሉት ዘመዶቹ። «ሐዘንተኛ ድንኳን ጥሎ አይወጣም።»

«ንብረቱ በእኔ ፊርማ ነው። ሌላ ሰው አይከፍተውም።»

«ነገ ይደርሳል።»

«የእኔ ልጅ ከእንግዲህ አይጎርስም» አለ ጋቢውን እየሰበሰበ። «የእሱ ትጉረስ።» ያረጋልም ምትኬን ከአሮጊቷ ተቀብሎ ተከተለው።

እንግዲህ ዓይን አለቀሰ፤ ዓይን ሲያለቅስ ቁልፍ ተፈታ። ቁልፍ ሲፈታ ናፍጣ ወጣ፤ ሰይድ በጀሪካን ተሸክሞ ሲሮጥ ሱሪው ላይ ፈሰሰበት። ናፍጣ ሲወጣ ጄኔሬተር ተነሳ፤ ግቢው ተንቀጠቀጠ። ጄኔሬተር ሲነሳ ማሽን ዞረ። ማሽን ሲዞር ቀዩ ወረደ፤ ቢጫው ውሃ ተለየ። ውሃ ሲለይ ኪት ጠጣ፤ ጥቂት ጠብታ ብቻ።

«አሥራ አምስት ደቂቃ» አለ አንዳርጌ።

ቢያድግልኝ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ሰይድም መጣ። ምትኬ ያረጋል ክንድ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ሳህኗ ደረቷ ላይ ነው። ያረጋል ከኪቷ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። አንድ ቀይ መስመር ወጣ።

«ይሄ መውጣት ያለበት ነው» አለ አንዳርጌ። «ኪቷ ደህና መሆኗን ነው የሚናገር። የሚፈራው ከጎኑ ያለው ነው።»

ከጎኑ ነጭ ነው። አምስት ደቂቃ ሆነ፤ ነጭ ነው። አሥር ሆነ፤ ነጭ ነው። አሥራ አምስት ሲሞላ አንዳርጌ ኪቷን አንስቶ ወደ መስኮቱ ወሰዳት፤ አዘንብሎ አየ፤ አቅንቶ አየ።

«አንድ» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አንድ መስመር ነው። አልተላለፈባትም። ልጅህ ነፃ ናት።»

ሰይድ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ቢያድግልኝ የያረጋልን ትከሻ ነክቶ ወደ ሐዘኑ ተመለሰ።

«የእናቷ ዘበኞችስ?» አለ ያረጋል።

«አልቀዋል።»

«አንድም አልቀረም?»

አንዳርጌ ቀና ብሎ አየው። ጥያቄው ስለ በሽታው እንዳልሆነ ገባው። «አልቀረም» አለ ቀስ ብሎ።

ያረጋል ያን ነጭ ቦታ ትኩር ብሎ አየው። ሲጸልይ የከረመው ለዚህ ንጣት ነበር። ተሰጠው። እጁን ምትኬ ጀርባ ላይ አደረገ፤ እንደ ወትሮው «አላችሁ?» አላለም። አንዳርጌ ወረቀቱን ጽፎ ማኅተሙን ሲመታ ድምፁ ልጅቱን ቀሰቀሳት።

ኪት ሲጠጣ ወረቀት ተጻፈ። ያረጋል ወረቀቱን ይዞ ሲገባ ዘርፌና አራቱ ልጆች ገበታ ከበው ነበር። ዘርፌ ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ተቀብላ ማኅተሙን በአውራ ጣቷ አሸችው።

«ስንት መስመር ነው የሚለው?»

«አንድ።»

ዘርፌ ተነስታ እጇን ታጠበች። ታጥባው የነበረውን እንደገና ታጠበችው። ተመልሳ እንጀራ ቆረሰች፤ ሽሮ አጠቀሰች፤ ጠቀለለች። እጇ ወደ ምትኬ ሄደ።

ምትኬ ሳህኗን አነሳች።

የዘርፌ እጅ አየር ላይ ቆመ። «አፍሽን» አለች። «አፍሽን፣ እናቴ።»

ምትኬ ሳህኑን ከፍ አደረገችላት። አራቱ ልጆች መብላት አቆሙ። ያረጋል ተንበረከከና ሳህኑን ቀስ አድርጎ ከእጇ ወሰደ። ምትኬ የሚይዘው ነገር ያጣውን እጇን አየች። ከዚያ ወደ አክስቷ ቀና አለችና አፏን ከፈተች።

ወረቀት ሲጻፍ እጅ አጎረሰ። የዘርፌ ጣቶች የምትኬን ከንፈር ነኩ፤ ነክተውም ጥቂት ቆዩ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለች ዘርፌ። ሁለተኛ ጠቀለለች። ግን የምትኬ አፍ ገና ሙሉ ነው፤ ሁለቱ ጉንጮቿ ተወጥረዋል። ጉርሻው በዘርፌ ጣቶች መካከል ቀረ። ዓይኗ ያረጋል በያዘው አረንጓዴ ሳህን ላይ አረፈ።

«ጠይቃኝ ነበር» አለች።

«ማን?»

«ትርንጎ። የመጨረሻው ሰሞን ‹እታለም፣ አንድ ጊዜ በእጅሽ አጉርሽኝ› አለችኝ። ሳህኑ ላይ ነው ያደረግኩላት።»

በአገሩ የተጠቀለለ ጉርሻ ወደ ገበታ አይመለስም። ባለቤቱ ከሌለ ስለ ባለቤቱ የሚጎርስ ሰው ያስፈልጋል። ያረጋል ሳህኑን መሬት ላይ ደፍቶ አስቀመጠው። ወደ ዘርፌ እጅ ጎንበስ አለና ስለ ትርንጎ አፉን ከፈተ።

ተረቴ እዚህ ላይ ጎረሰች። የእናንተም እጅ መንገድ አይቀይር።